350 ዶላርና 40 ጋሎን፦ ለጨዋማ ውሃ የዓሣ ገንዳ የትኛው ፊልተር ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በኪራይ አፓርታማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ያገለገለ የ40 ጋሎን የዓሣ ገንዳ ከነጠረጴዛው በርካሽ አገኘሁ። መብራት፣ ማሞቂያ፣ ጨውና የውሃ መመርመሪያ አሟልቻለሁ። ሁለት ክላውንፊሽና አንድ ሰማያዊ ታንግ፣ በኋላም ለስላሳ ኮራሎች ለማስገባት አስቤያለሁ። ለፊልተር የተረፈኝ 350 ዶላር ነው። የዓሣ ሱቁ የጻፈልኝ ዝርዝር ግን ከ700 ዶላር በላይ ነው፤ ትልቅ ካኒስተር (ከገንዳው ውጭ የሚቆም፣ በቱቦ የሚገናኝ ዝግ ፊልተር)፣ ተሕዋስያን የሚገድል የዩቪ መብራት፣ አሞኒያ የሚመጥ ድንጋይ፣ የፕላስቲክ ኳሶች። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ጓደኛዬ ጨው በሌለው ውሃ ዓሣ ያረባል። እሱ ደግሞ ‹ከገንዳው ጀርባ የሚንጠለጠለው ትንሽ ፊልተር ይበቃሃል፤ የቧንቧ ውሃውን አሳድረህ መጠቀም ነው› ይለኛል። የትኛውን ልስማ? ጠንካራ ፊልተር ብገዛስ ውሃ ከመቀየር እገላገላለሁ?»

የሱቁን ዝርዝር ይተዉት። የጓደኛዎ ምክርም ለእሱ ገንዳ እንጂ ለእርስዎ አይሆንም። ውሃ ከመቀየር የሚገላግል ፊልተር ደግሞ በዚህ ብር ቀርቶ በእጥፉም አይገኝም። 350 ዶላሩ ግን በአግባቡ ከተመደበ ይበቃዎታል።

መጀመሪያ መታረም ያለበት ነገር አለ። በጨዋማ ውሃ ገንዳ ውስጥ ዋናው ፊልተር በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ ማሽን አይደለም። ዋናው ፊልተር ድንጋዩ ነው። ቀዳዳ የበዛበት፣ ውስጥ ለውስጥ የተቦረቦረ የባሕር ድንጋይ። እዚያ ድንጋይ ላይ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ናቸው ዓሣዎን በሕይወት የሚያቆዩት። ሌላው ዕቃ በሙሉ የእነሱ ረዳት ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ዓሣ አሞኒያን በአብዛኛው የሚያስወጣው በስንጥቡ ነው፤ ቀን ከሌት ያለ ማቋረጥ። የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። ናይትሬት ከሁለቱ ይልቅ ብዙም የማይጎዳ የመጨረሻ ውጤት ነው። ይህ ሂደት ጨው በሌለው ውሃም በጨዋማውም ያው ነው። ልዩነቱ ስህተትን የመቻል አቅም ላይ ነው። የባሕር ውሃ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ8.1 እስከ 8.4 ይሆናል። አሞኒያ መርዝነቱ ከፒኤች ጋር አብሮ ይጨምራል። ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ ካለው አሞኒያ መርዛማውን መልክ የሚይዘው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። 8.2 ላይ ያ ድርሻ ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። ጓደኛዎ ገንዳ ውስጥ ምንም የማያመጣ የአሞኒያ መጠን እርስዎ ጋ ዓሣ የሚገድለው ለዚህ ነው። ናይትራይት ላይ ግን ዕድሉ ወደ እርስዎ ያዘነብላል። በባሕር ውሃ ውስጥ የሞላው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይሻማዋል።

ሁለተኛው ልዩነት ኦክስጅን ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ጨው የሌለው ውሃ 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። የባሕር ውሃ ከ7 በታች ነው። ዓሣው ብቻ ሳይሆን እነዚያ ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ስለዚህ የውሃው ገጽ ሁልጊዜ መረበሽ አለበት። (አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ለእናንተ ነገሩ ይብሳል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ የሚሠራ በባትሪ የሚንቀሳቀስ የአየር ፓምፕ ለእናንተ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።)

በድንጋይ ብቻ ገንዳ ማቆም አዲስ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሊ ቺን ኢንግ የሚባል ኢንዶኔዢያዊ ከባሕር የወጣ ድንጋይ፣ የባሕር ውሃና የአየር አረፋ ብቻ ይዞ ዓሣና ኮራል ማኖር እንደሚቻል ለዓለም አሳይቷል። በኋላ የጀርመን አርቢዎች በዚያ ላይ ጠንካራ የውሃ እንቅስቃሴና ስኪመር፣ ማለትም ቆሻሻን በአየር አረፋ የሚገፍፍ ዕቃ፣ ጨመሩበት። የበርሊን ዘዴ ተብሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እርስዎም የሚያስፈልግዎት የዚህ ዘዴ ቀለል ያለ መልክ ነው።

ለ40 ጋሎን 30 ፓውንድ ያህል ድንጋይ ይበቃል። የቆየው ደንብ ለአንድ ጋሎን አንድ ፓውንድ ይላል። ድንጋዩ ቀላልና ቀዳዳው የበዛ ከሆነ ያን ያህል አይፈልግም። ሁሉንም ከነሕይወቱ አይግዙ፤ ውድ ነው። 25 ፓውንዱን ደረቅ ድንጋይ ያድርጉት። 5 ፓውንድ ያህል ብቻ ላይቭ ሮክ፣ ማለትም ከነባክቴሪያውና ከነነፍሳቱ በውሃ ውስጥ የቆየ ድንጋይ፣ ከሚታመን ሰው ወይም ሱቅ ይውሰዱ። ከእሱ ወደ ደረቁ ይዛመታል። ሲደረድሩት መጀመሪያ የገንዳው መስተዋት ወለል ላይ ያስቀምጡት፣ ከዚያ አሸዋውን ዙሪያውን ያፍስሱ። አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ዓሣ ከሥሩ ሲቆፍር ይንሸራተትና መስተዋት ይሰብራል። የኋላውን መስተዋት አያስነኩት። ከኋላው ውሃ ካላለፈ ቆሻሻ እዚያ ይጠራቀማል። እጅዎ የሚያልፍበት ያህል ክፍተት ይተዉ።

ድንጋይ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ያገለገለ ድንጋይ ወይም ገንዳ ሲገዙ «መዳብ ያለበት መድኃኒት ገብቶበት ያውቃል?» ብለው ይጠይቁ። መዳብ ድንጋይ ውስጥ ይሰርግና ቀስ እያለ ይለቃል። ዓሣውን ላይጎዳው ይችላል፤ ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ግን ይጨርሳል። አሁን የገዙትን ገንዳም ለሸጠልዎት ሰው ደውለው ይጠይቁት። ሁለተኛ፣ ላይቭ ሮክ በምንም ምክንያት አይቀቅሉ። «ተባይ ይገድላል» ብለው የሚመክሩ አሉ። ዞአንቲድ የሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። ድንጋዩ ሲቀቀል እንፋሎቱን የተነፈሱ ቤተሰቦች ሆስፒታል ገብተዋል። በብሩሽ ሲፈትጉም ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ።

ድንጋዩ የሚሠራው ውሃ ሲያልፍበት ነው። ገንዳ ውስጥ የሚለጠፍ አንድ የውሃ አንቀሳቃሽ ፓምፕ ይግዙ። ለእርስዎ ገንዳ በሰዓት ከ400 እስከ 800 ጋሎን የሚገፋ ይሁን። ወደ ውሃው ገጽ ትንሽ አቅንተው ያዙሩት። ገጹ ሲንቀጠቀጥ ማየት አለብዎት። 30 ዶላር ገደማ የሚያወጣው ይህ ፓምፕ፣ እንደ እኔ ፍርድ፣ ከ200 ዶላር ካኒስተር ይልቅ ለዓሣዎ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ሱቁ ዝርዝር እንመለስ። አሞኒያ የሚመጠው ድንጋይ ዚዮላይት ነው። ጨው በሌለው ውሃ ጥሩ ይሠራል። በባሕር ውሃ ውስጥ ግን ሶዲየም ቦታውን ይዞበት አሞኒያውን አያስጠጋውም። ለጨዋማ ገንዳ አሞኒያ መጣጭ ብሎ ይህን የጻፈልዎት ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ለእርስዎ አላሰበም። የፕላስቲክ ኳሶቹ በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ባክቴሪያ ይሰፍርባቸዋል። ግን ያን ሥራ ድንጋዩ ይዞታል፤ ቆሻሻ የሚይዝ ተጨማሪ ዕቃ መግዛት ነው የሚሆነው።

ዩቪው ውሃ አረንጓዴ ሲሆን ያጠራል። በሽታን ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት አይፈውስም። የጨዋማ ውሃ ዓሣ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተውሳክ ከሕይወቱ ከፊሉን ዓሣው ቆዳ ሥር፣ ከፊሉን አሸዋና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያሳልፈው። ዩቪው የሚያገኘው በመብራቱ ሥር የሚያልፈውን ብቻ ነው። ለዚህ በሽታ ርካሹ መከላከያ ሌላ ነው። አዲስ ዓሣ ዋናው ገንዳ ከመግባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል በተለየ ትንሽ ገንዳ፣ በስፖንጅ ፊልተርና በማሞቂያ ይቆይ። መድኃኒት ካስፈለገም እዚያ ብቻ ይሰጥ።

ካኒስተሩ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ካኒስተር ዓሣ አይገድልም። ብዙ ሰው ለዓመታት ተጠቅሞበታል። ሲወራበት «የናይትሬት ፋብሪካ» ይሉታል፤ ይህም በትክክል ሲታይ የዕቃው ጥፋት አይደለም። ውስጡ የተከማቸው ምግብና ኩስ ሳይጸዳ ሲቆይ እዚያው ይበሰብሳል፣ ያው ናይትሬት ይሆናል። በየሁለት ሳምንቱ ከፍቶ የሚያጥብ ሰው ይህ ችግር የለበትም። ግን ቱቦ ነቅሎ፣ ባልዲ አስጠግቶ፣ ጎማውን አጽድቶ መልሶ መግጠም አሰልቺ ነው። ሰው በሦስተኛው ወር ይተወዋል። ሌላም አለ። ካኒስተር ዝግ ስለሆነ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቅና ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። መብራቱ ሲመጣ ያ የገማ ውሃ ቀጥታ ወደ ዓሣው ይገፋል። ለእርስዎ ገንዳ፣ በእርስዎ በጀት፣ ትርፉ ከድካሙ ያንሳል።

ጓደኛዎ የመከረዎት ከጀርባ የሚንጠለጠለው ፊልተር ቦታ አለው። ብቻውን አይሁን እንጂ ይግዙት። እኔ የምፈልገው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተንሳፋፊ ቆሻሻ የሚይዝ ነጭ የጥጥ መሰል ማጣሪያ ለማስቀመጥ። ሁለተኛ፣ በከረጢት የሆነ አክቲቬትድ ካርቦን ለመያዝ። ካርቦኑ ውሃውን የሚያቢጫውንና የሚያሸተውን ነገር ይመጣል። አሞኒያና ናይትሬት ግን አይነካም። በወር አንዴ ይለወጥ። ጥጡን በየሦስት ቀኑ አውጥተው ይጣሉት። ቆሻሻው ጥጡ ላይ ስለተያዘ ከገንዳው የወጣ ይመስላል። አልወጣም። ውሃ እስካለፈበት ድረስ እዚያው እየበሰበሰ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ፊልተር ጋር አብሮ የሚመጣ ስፖንጅ ካለና ማጠብ ካስፈለገ፣ ከገንዳው በቀዱት ጨዋማ ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አያጥቡት። የቧንቧው ውሃ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

ሳምፕ፣ ማለትም ከጠረጴዛው ሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ፣ ከሁሉም የተሻለው አሠራር ነው። ለእርስዎ ግን አልመክርም። ገንዳዎ ተበስቶ የመጣ አይመስለኝም። ያልተበሳ ገንዳ ላይ ውሃውን በሳይፈን፣ ማለትም ውሃው ራሱን እየሳበ በሚወርድበት ቱቦ፣ ወደ ታች የሚያወርድ ሳጥን ማንጠልጠል ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሳይፈኑ አየር ይዞ ካልቀጠለ፣ ፓምፑ የታችኛውን ውሃ ሁሉ ወደ ላይ ገፍቶ ወለል ላይ ያፈሰዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ ለሚኖር ሰው ይህ የጎረቤትን ጣሪያ ማበላሸት ነው።

የቀረው ስኪመር ነው። በጨዋማ ውሃ ገንዳ ላይ ብቻ የሚሠራ፣ ጓደኛዎ የማያውቀው ዕቃ ይህ ነው። ጠባብ ቱቦ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የአየር አረፋ ይረጫል። የተሟሟው የፕሮቲንና የቅባት ቆሻሻ ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣና ጽዋው ውስጥ ይጠራቀማል። ከሚፈላ መረቅ ላይ አረፋ ሲገፈፍ ያለውን ያስቡ። ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ አረፋዎቹ ተጋጥመው ትልልቅ ስለሚሆኑ ይህ አይሳካም። የስኪመር ትልቁ ጥቅም ቆሻሻውን አሞኒያ ከመሆኑ በፊት ከውሃው ማውጣቱ ነው። ሌሎቹ ይቀይሩታል፤ እሱ ያስወጣዋል። በዚያ ላይ ኦክስጅን ያስገባል።

ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አያስፈልግዎትም። ዓሣ የሌለበት ገንዳ ላይ የሚገፍፈው ነገር የለም። ሁለት ትንንሽ ዓሣ ብቻ እያሉም ሳምንታዊ የውሃ ቅያሪ ይበቃል። ሦስተኛው ዓሣ ከመግባቱ በፊት ይግዙት። ከጀርባ የሚንጠለጠል፣ ያገለገለ ይሁን። አምራቾች «ይህን ያህል ጋሎን ይችላል» ሲሉ በጣም ለጋስ ናቸው። ለ40 ጋሎን ከ60 እስከ 80 የሚል የተጻፈበትን ይፈልጉ። ሲገዙ ፓምፑን አስነስተው ይስሙት። የሚንኳኳ ከሆነ ይተዉት። ነጭ ጨውና ኖራ የያዘ ብቻ ከሆነ ኮምጣጤ በውሃ አቅጥነው አንድ ሌሊት ቢነክሩት ይለቃል።

አዲስ የተገጠመ ስኪመር ለጥቂት ቀናት ወይ ምንም አያወጣም፣ ወይ ዝም ብሎ ውሃ ያፈሳል። አይደንግጡ። የፕላስቲኩ ገጽ በባክቴሪያ ሽፋን እስኪለበስ ነው። የውሃውን ከፍታ የሚያስተካክለውን ቁልፍ በጥቂቱ ያዙሩ፤ ውሃው ወደ አረፋነት የሚለወጥበት መስመር ከጽዋው አንገት ሥር እንዲቆም ያድርጉ። ከዚያ አንድ ቀን ሳይነኩ ይጠብቁ። ጽዋው ውስጥ የሚጠራቀመው እንደ ሻይ የጠቆረ፣ የሚሸት ፈሳሽ ከሆነ ደህና እየሠራ ነው። ንጹሕ ውሃ የሚመስል ከሆነ መስመሩ ከፍ ብሏልና ዝቅ ያድርጉት። የጽዋውን አንገት በሳምንት ሁለቴ በወረቀት ይጥረጉ፤ ቅባት ከያዘ አረፋው መውጣት ያቅተዋል። አየር የሚገባበት ቀጭን ቱቦ ጫፉ ላይ ጨው ይጋገርበታልና በሙቅ ውሃ ያጥቡት። ዓሣ ከመገቡ በኋላ አረፋው ለሰዓት ያህል ቢወርድ የተለመደ ነው። የውሃ ማከሚያ ጠብታ ገንዳው ውስጥ ከጨመሩ ግን አረፋው ገንፍሎ ወለል ላይ ሊፈስ ስለሚችል ለዚያ ቀን ያጥፉት።

ውሃው ራሱ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ጓደኛዎ «አሳድረው» ያለው ለእሱ ሠርቶለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚደርሰው የቧንቧ ውሃ የሚታከመው በክሎሪን ነው። ክሎሪን ክፍት ባልዲ ውስጥ ሲያድር በንኖ ይወጣል። በእርስዎ በኩል፣ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ክሎራሚን፣ ማለትም የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ፣ ነው። ክሎራሚን በአንድ ሌሊት አይወጣም። ማከሚያ ጠብታ ሲገባበት ደግሞ ክሎሪኑ ይፈርስና አሞኒያው ይቀራል። በዚያ ላይ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ቱቦው እርሳስ እንዳይለቅ ውሃው ላይ ፎስፌት ይጨምራሉ። ለሚጠጣ ሰው ችግር የለውም። ገንዳ ውስጥ ግን አልጌ ያበላል። ድንጋይዎ በሁለተኛው ወር በአረንጓዴ ጸጉር ቢሸፈን ብዙ ጊዜ መነሻው ፊልተሩ ሳይሆን ይህ ውሃ ነው።

ስለዚህ ከ350ው ላይ 80 ዶላር ያህል ለአር ኦ ዲ አይ፣ ማለትም በቧንቧ ውሃ ውስጥ የተሟሟውን ነገር ለሚያስወግድ ማጣሪያ፣ ይመድቡ። ከወጥ ቤት ቧንቧ አፍ ጋር የሚገጠም አለ፤ ግድግዳ አይበሳም፣ አከራይ አይጠየቅም። ውሃውን በጨው አልባ ንጹሕነት ያወጣዋል። ከእሱ ላይ በአንድ ሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም የባሕር ጨው ይቀላቅሉና ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር ይለኩ፤ 35 ፒፒቲ (በሺህ 35 እጅ ጨው) ወይም በአንጻራዊ እፍጋት 1.026 ይምጣ። ገንዳው ውሃ ሲተንበት ጨው አብሮ አይተንም። የጎደለውን የሚሞሉት በዚያው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ጨዋማ ውሃ እየጨመሩ መሙላት ጨዋማነቱን ቀን በቀን ያንረዋል።

አሁን «ከመቀየር እገላገላለሁ ወይ» ላሉት። ድንጋዩ ውስጥ ኦክስጅን በማይደርስበት ጥልቀት ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። አቅማቸው ግን ውስን ነው። እንበልና ገንዳዎ ውስጥ ናይትሬት በየሳምንቱ በሊትር 5 ሚሊግራም ይጨምራል። በየሳምንቱ 10 በመቶ ውሃ ቢቀይሩ ናይትሬቱ እየወጣ ሄዶ 50 አካባቢ ይረጋል። 20 በመቶ ቢቀይሩ 25 ላይ ይረጋል። ምግቡን በግማሽ ቢቀንሱና 20 በመቶ ቢቀይሩ ደግሞ 12 አካባቢ። የትኛውም ፊልተር እንዲህ ያለ ለውጥ በዚህ ዋጋ አይሰጥም። ድንጋይና አሸዋ ገብቶ የሚቀረው ውሃ 125 ሊትር ያህል ነው። 20 በመቶው 25 ሊትር ይሆናል፤ ሁለት ባልዲ የማይሞላ። ናይትሬቱን ዜሮ ለማድረስም አይጨነቁ። ለስላሳ ኮራሎች ከ5 እስከ 20 ባለው ውስጥ ደስ ብሏቸው ያድጋሉ። ዜሮ መሆን ያለበት አሞኒያው ነው።

ስለ ሰማያዊው ታንግ ፊልተር አይረዳዎትም። ይህ ዓሣ ሲያድግ 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል። የተፈጠረው ኮራል ዳር ለዳር ረጅም ርቀት ለመዋኘት ነው። የተለመደው የ40 ጋሎን ገንዳ ከጫፍ ጫፍ አንድ ሜትር አይሞላም። ውሃውን የቱንም ያህል ቢያጠሩለት ቦታው አይረዝምም። የተጨናነቀ ታንግ ደግሞ ያንን ነጭ ነጠብጣብ ቶሎ ከሚይዙት አንዱ ነው። አያስገቡት። ሱቁ «ትንሽ ሆኖ ይቆያል» ቢልዎትም አያስገቡት። ሁለት በቤት የተራቡ ክላውንፊሽ፣ አንድ ሮያል ግራማና አንድ ትንሽ ጎቢ ለዚህ ገንዳ ያምራሉ። ቤት የተራባው ክላውንፊሽ ከባሕር ከተያዘው ይልቅ ምግብ ቶሎ ይለምዳል።

እንግዲህ የእኔ ምደባ ይኸው። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ትንሽ ይለያያል። ድንጋይ፣ ደረቁም ላይቭ ሮኩም፣ 130 ዶላር። አር ኦ ዲ አይ 80። ከጀርባ የሚንጠለጠለው ፊልተር ከጥጥና ከካርቦኑ ጋር 40። የውሃ አንቀሳቃሹ ፓምፕ 30። የተረፈውን 70 ዶላር አይንኩት፤ የስኪመሩ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ይግዙ። ገንዘቡ ቢጎድል የሚዘገየው ስኪመሩ ይሁን፤ ድንጋዩ ላይ አይቆጥቡ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ዓሣ ለመግዛት አይቸኩሉ። ጨዋማው ውሃ ሞልቶ፣ ሙቀቱ 25 ወይም 26 ላይ ረግቶ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ የሚሆን አሞኒየም ክሎራይድ ጠብታ ይጨምሩ፤ መመርመሪያው በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪያሳይ። ከዚያ በየሁለት ቀኑ ይመርምሩ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወርዳል፣ ናይትራይት ይወጣል። ቀጥሎ ናይትራይቱም ይወርዳል። ባብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ላይቭ ሮኩ ጥሩ ከሆነ ያጥራል። 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምረው በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ዜሮ ሲገቡ ገንዳው ደርሷል። ብዙ ውሃ ቀይረው ሁለቱን ክላውንፊሽ ያስገቡ። ቀጣዩን ዓሣ ከወር በኋላ።

የኤሌክትሪኩን ነገር ችላ አይበሉ። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ እንዲወጣ ያድርጉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ታች ይቀራል እንጂ ሶኬት አይገባም። ሶኬቱ ጂ ኤፍ ሲ አይ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋው ዓይነት ይሁን። ከነውሃው ገንዳው ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከሞሉት በኋላ አይገፋም። ቦታውን አስቀድመው ይምረጡ፤ ሸክም የሚችል ግድግዳ አጠገብ፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት የራቀ።

ካኒስተሩን አስቀድመው ከፍለውበት ከሆነና ሱቁ የማይመልስልዎት ከሆነ አይጣል። ባክቴሪያ እንዲሰፍርባቸው ውስጡ የተቀመጡትን የሴራሚክ ቀለበቶች ያውጡ፣ ጥጥና ካርቦን ብቻ ያስገቡበት፣ በየሁለት ሳምንቱ ከፍተው ያጽዱት። ከጀርባ የሚንጠለጠለውን አይግዙ፤ ያንን 40 ዶላር ስኪመሩ ላይ ይጨምሩት። ዩቪውንና ዚዮላይቱን ግን ገዝተው ከሆነ ዛሬውኑ ይመልሱ።